ዘይት የተቀባችው የሊዚንግ መኪና

ሰው ሲከስር አንገቱን ደፍቶ፣ ድምፁን አጥፍቶ ነው የሚከስረው። እኔ ግን ማይክራፎን ይዤ፣ ሕዝብ እልል እያለልኝ ነው የከሰርኩት። እስቲ ቁጭ በሉና ስሙኝ፤ ሌላ የማዋየው ሰው የለኝም።

የምኖረው ጄኔቭ፣ ቬርኒየ ነው። ከነዚያ ጫፋቸው ከማይታይ ረጃጅም ፎቆች በአንዱ ውስጥ አንዲት ክፍል አለችኝ። አልጋዬ ወጥ ቤት ውስጥ ይሁን፣ ወጥ ቤቴ አልጋ ውስጥ ይሁን እስከዛሬ አልለየሁም። ወንደላጤ ነኝ። ሆቴል ውስጥ አንሶላ አጥባለሁ፤ ማለቴ ማሽኑ ያጥባል፣ እኔ አጣጥፋለሁ። እንዲህ ያለ ሰው ባለ ሰባት ወንበር መኪና ምን ያደርግለታል ካላችሁኝ፣ የዕዳ አማካሪዋ ማዳምም ይህንኑ ጠይቃኛለች።

ጥፋቱ የሻጩ ነው። አያችሁ፣ ገና ከመጀመሬ ጥፋቱን ሰው ላይ ጣልኩ! የእኔ ዓይን ያረፈው አንዲት ትንሽ ቀይ መኪና ላይ ነበር። ሰውየው ፈገግ ብሎ “ሙስዬ፣ ቤተሰብዎ ስንት ነው?” አለኝ። እኔ ደግሞ በዚህ አገር ቤተሰብ ሲባል የሚመጣልኝ የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ነው። “አርባ ገደማ” አልኩት። ደነገጠ። ከላይ እስከ ታች አየኝ፤ ትንሽ ያከበረኝም መሰለኝ። ከዚያ ክንዴን ይዞ ቀጥ አድርጎ ወደ ትልቋ ወሰደኝ። ጥቁር ናት፤ ስታበራ ፊት ለፊቷ የቆመውን ሰው ታሳፍራለች። በቃ ፈረምኩ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ እኔማ እየበረርኩ ነው የታጠቅሁት።

ሊዚንግ ምን እንደሆነ የማታውቁ ካላችሁ ብፁዓን ናችሁ። መኪናዋ የኩባንያው ናት፤ ነዳጁ፣ ኢንሹራንሱ፣ ቅጣቱና የሌሊት መባነኑ ያንተ ነው። በዓመት የምትነዳው ኪሎ ሜትር እንኳ ተለክቶ ነው የሚሰጥህ። ልትሸጣት አትችልም፣ ልታውሳት አትችልም፤ የምትችለው በየወሩ መክፈል ብቻ ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ ብለው አባቶቻችን ሲተርቱ ሊዚንግን አይተው ነው እላለሁ።

እዚህ ላይ አፌን ብዘጋ ኖሮ ደግ ነበር። እሁድ ሲመጣ ግን ለምስክርነት ተነሳሁ። እኛ ዘንድ፣ ለማያውቅ ልንገር፣ ከስብከቱ በፊት ጌታ ያደረገለትን የሚናገር ሰው ይጋበዛል። ሌላው ከበሽታ ተፈወስኩ ይላል፣ ሌላው የመኖሪያ ወረቀት አገኘሁ ይላል። እኔ ለሁለት ዓመት የምናገረው አጥቼ ቁጭ ብዬ ስሰማ ነው የኖርኩት። ማይኩን ጨበጥኩና “ጌታ መኪና ሰጠኝ!” አልኩ። እልልታው ጣሪያውን ሊያነሳው! ከፕሮግራሙ በኋላ ፓስተሩ ሕዝቡን አስከትሎ ወደ መኪና ማቆሚያው ወጣ። እጃቸውን ጫኑባት። ፓስተሩ ኮፈኗ ላይ ዘይት ቀባ። ውሻውን የሚያናፍስ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ቆሞ ሲያየን ቆየና መኪናዋ የታመመች መስሎት ራሱን ነቅንቆ ሄደ። ሽማግሌው ልክ ነበር።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ከዚያች እሁድ ጀምሮ መኪናዋ የእኔ መሆኗ ቀረ፤ የኩባንያው መሆኗም ቀረ፤ የጌታ መኪና ሆነች፤ የጌታ ማለት ደግሞ የሁላችን ማለት ነው። “ወንድሜ፣ ነገ ኤርፖርት እንግዳ አለብኝ።” “ወንድሜ፣ ከቨርሷ ወደ ቶኔ ቤት ልቀይር ነው፤ ሶፋና ቁምሳጥን ብቻ ነው።” እምቢ እንዳልል ምን ብዬ? ሊዚንግ ናት ብል “ጌታ በሊዚንግ ነው እንዴ የሚሰጠው?” ሊሉኝ ነው። ስለዚህ “ተባረኪ እህቴ፣ መጣሁ” እያልኩ በሰው ኪሎ ሜትር ሳመላልስ ከረምኩ።

ከዚያ ሆቴሉ ሰዓቴን ቀነሰው። ለመኪናዋ ስከፍል የጤና ኢንሹራንሱ ቀረ፤ ለጤና ስከፍል ግብሩ ቀረ፤ ለግብሩ ተበደርኩ። የፑርስዊት ደብዳቤ፣ የዕዳ አስከፋዩ መሥሪያ ቤት ማለቴ ነው፣ እየተደራረበ መጣ። መጨረሻ ላይ የፖስታ ሳጥኔን መክፈት አቆምኩ፤ በደረጃው ሳልፍ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞራለሁ። እንደምንም ተጎትቼ የዕዳ አማካሪዋ ዘንድ ሄድኩ። ማዳም ደግ ናት፤ ደግነቷ ግን ወሬ አያበዛም። “ዕዳህ ከአቅምህ በላይ ነው፤ ፍርድ ቤት ሄደህ የግል ኪሳራ ታስታውቃለህ” አለችኝ።

“መኪናዋስ?”

“የትኛዋ መኪና? አንተ መኪና የለህም። የኩባንያው ናት። ቀድመህ በፈቃድህ መልስላቸው። የሚቀረውን ዕዳ ከሌላው ጋር ኪሳራው ውስጥ እናስገባዋለን።”

ኩባንያው ያለው ዙሪክ ነው። አርብ እስከ አስር ሰዓት ግቢያችን ካላደረስካት አልመልስም እንዳልክ ቆጥረን እንከስሃለን አሉ። ማዳም ክስ ለመኖሪያ ፈቃዴም እንደማይበጅ ደጋግማ አስጠነቀቀችኝ። እኔ ግን እውነቱን ልንገራችሁ? ዳኛውን አልፈራሁም። የፈራሁት እሁድን ነው። ጌታ ሰጠኝ ያልኩትን ለኩባንያ መልሼ ምን ብዬ ልግባ? ወይ ጌታ ቀምቶኛል፣ ወይ እኔ ዋሽቻለሁ፤ ሌላ የለውም። እነዚያ ሰዎች ደግሞ ቢንቁኝ የምሄድበት የለኝም። በዚህ ከተማ ስሜን አስተካክሎ የሚጠራኝ ከእነሱ ሌላ ሰው የለም፤ ስታመም ሾርባ ይዞ የሚመጣም እነሱው ናቸው። እነሱን ካጣሁ ምን ቀረኝ?

ስለዚህ ዘዴ ቀየስኩ። አርብ ጠዋት ብቻዬን ውልቅ ብዬ እወጣለሁ፣ መኪናዋን አስረክባለሁ፣ በባቡር እመለሳለሁ። ሲጠይቁኝ “ጋራዥ ናት” እላለሁ። ከዚያ በኋላ ጌታ ያውቃል።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ! መኪናዋን ላጸዳ ብዬ ከወንድም ታደለ የመኪና መጥረጊያ ማሽን ተዋስኩ። ወንድም ታደለ ዲያቆናችን ነው፤ ትራም ይነዳል፤ የሚናገረው ሁሉ እንደ ትራሙ ከሐዲዱ አይወጣም። “የት ልትሄድ ነው እንዲህ የምታሳምራት?” ሲለኝ ምላሴ “ዙሪክ ጉዳይ አለኝ፣ አርብ” ብላ ዘረገፈችው። እኛ ዘንድ ለአንድ ሰው መንገር ማለት ለቴሌግራም ግሩፑ መንገር ነው።

አርብ ጠዋት ስወርድ፣ ጉድ በል! መኪናዋ አጠገብ ሰልፍ ተይዟል። ከፊት እትዬ ብዙነሽ፣ የእህቶች ኅብረት መሪያችን፣ አንድ ከረጢት የገንፎ ዱቄትና አንድ ትልቅ ማሰሮ የሚያህል የንጥር ቅቤ ብርጭቆ ታቅፈው ቆመዋል። ከኋላቸው ሁለት የመዘምራን እህቶች፣ ከአንዷ ጋር ትንሿ ልጇ ሊያ። ወንድም ታደለ የፊቱን ወንበር ሊይዝ በሩን ጨብጧል።

“ሳምራዊት ወልዳለች” አሉ እትዬ ብዙነሽ። ሳምራዊት እኛው ቤተ ክርስቲያን ያደገች፣ ዙሪክ ያገባች ልጅ ናት። “አራስ ልንጠይቅ ነው። ጌታ መንገድህን ሲያዘጋጅ አየህ? እኔ በባቡር ልሄድ ስል አንተን አስነሳልኝ።”

“እ… እትዬ፣ እኔ እኮ ቶሎ ላልመለስ እችላለሁ…”

“ኧረ ምን ቸገረን! እስክትጨርስ ቁጭ ብለን እንጫወታለን።”

ገባችሁ? ልመልሳት በምሄደው መኪና ሰው ይዤ ልሄድ ነው፤ ስመለስ ግን መኪና የለም። ይህን ሁሉ ሰው ዙሪክ አስቀምጬ “በሉ እንግዲህ” ልበላቸው? በሩን ከፈትኩላቸው።

መንገዱን አትጠይቁኝ። ሎዛን ሳንደርስ አንደኛዋ እህት “በመስከረም ለሰርጌ የሙሽራ መኪና ይቺው ናት፤ ነጭ ሪባን ገዝቻለሁ” አለች። ሎዛንን ስናልፍ ታደለ “የጀርመኑ ኮንፈረንስ ጊዜ መሣሪያዎቹን በዚች እንጭናለን፤ ለፓስተሩ ነግሬዋለሁ” አለ። እኔ “አሜን” እላለሁ። ሌላ ምን ልበል? በየመካከሉ ሰዓቱን አያለሁ፤ ሰዓቱን አይቼ ኪሎ ሜትሩን አያለሁ፤ ኪሎ ሜትሩን አይቼ ዓይኔን ልጨፍን ስል እትዬ “ቀስ በል ልጄ፣ ጌታ የሰጠህን መኪና!” ይሉኛል። ሊያ ከኋላ “አጎቴ፣ ለምን” ለማለት ፈረንሳይኛዋን ቀላቅላ ድምጿን አሰማች።

“ቶንቶን፣ ፑርኳ ያንተ ዕቃ የለም? መኪና ባዶ ነው። ሶፍት እንኳ የለም።”

“ላጸዳት ብዬ ነው የኔ ቆንጆ።”

“ጥሩ ነው” አለ ታደለ። “የጌታ ነገር ንጹሕ መሆን አለበት።”

ይህን ብሎ አፉን ሳይዘጋ በርን ከተማ አካባቢ መንገድ ሥራ ገጠመን። ፊቴ ያለው የጭነት መኪና ድንገት ቆመ፤ ፍሬን ያዝኩ። ከኋላ “ኧረ ጌታ!” የሚል ድምፅ፣ ከዚያ የሚንከባለል ነገር። የበጋ ፀሐይ ያቀለጠው ቅቤ ከነኮሰረቱ ከመጨረሻው ወንበር እስከ ፊት ምንጣፉ ድረስ ፈሰሰ። ስንት ቀን የጠረግኋት መኪና! ማረፊያ ላይ ቆመን በሶፍት፣ ለዚያውም ከማደያ በገዛነው፣ ስናብስ ስናብስ ሰዓቱ ነጎደ። የእግር መርገጫው ከምንጠርገው ይልቅ የሚጠጣው በለጠ። “አይዞህ” አሉ እትዬ፣ “ቅቤ በረከት ነው።” ለተረካቢው እንዲህ ብዬ ላስረዳው?

ዙሪክ፣ ሳምራዊት ቤት ደረስን። አድርሼያቸው ከበር ልመለስ ስል ባሏ ዳንኤል ክንዴን ያዘኝ።

“የት? ሳትገባ?”

“ራንዴቩ አለኝ።”

“እዚህ ቀጠሮን ቴርሚን ነው የምንለው” አለና ሳቀ። “ቴርሚንህ ይጠብቃል። አራስ ቤት ደርሶ ሳይቀምስ የሚሄድ ሰው አይተህ ታውቃለህ?”

አላየሁም። እውነት ለመናገር እኔም ብሆን አልለቅም። ችግሩ ግን የሚቀመሰው ነገር ገና አልተሠራም፤ ዱቄቱን ያመጣነው እኛ ነን! እትዬ ብዙነሽ ነጠላቸውን አጣፍተው ውኃ ጣዱ። ገንፎ አይቸኩልም። ይማሰላል፣ ይማሰላል፣ “ገና ነው፣ ዱቄት ዱቄት ይላል” ይባላል፣ ደግሞ ይማሰላል። እኔ ሶፋው ጫፍ ላይ ቁልፌን ጨብጬ ተቀምጫለሁ። ልቤ ድው ድው ይላል፤ ሕፃኑን አሳቀፉኝና እሱም ልቤን ሰምቶ አለቀሰ። በመጨረሻ ገንፎው ወጣ፤ ከብርጭቆው በተረፈው ቅቤ መሐሉ ተሞላ። እጄን ልሰድ ስል ታደለ “እንጸልይ” ብሎ ተነሳ።

የታደለን ጸሎት የምታውቁት ብትሆኑ ኖሮ አብራችሁኝ ታለቅሱ ነበር። ለእናቲቱ ጸለየ፣ ለሕፃኑ ጸለየ፣ ለሐኪሞቹ፣ ለስዊዘርላንድ መንግሥት ጸለየ። እኔ ባንድ ዓይኔ የግድግዳውን ሰዓት አያለሁ። ከዚያ ድምፁ ከፍ አለ፦

“ጌታ ሆይ፣ እዚህ ያደረሰንን ወንድማችንን አስበው! ይህችን መኪና እንደሰጠኸው አሁንም ጨምርለት!”

“አሜን!” አሉ ሁሉም።

“ከዚህም የምትበልጥ ጨምርለት!”

“አይጨምርልኝ!” ብዬ ጮህኩ።

በሕይወቴ ጸሎት አቋርጬ አላውቅም። ዓይን ሁሉ ተከፈተ። ቆሌዬ ተገፈፈ፤ አፌ ግን አንዴ ተከፍቷልና አልዘጋ አለኝ። “መኪናዋ የእኔ አይደለችም። ጌታ አይደለም የሰጠኝ፣ ሊዚንግ ነው የሰጠኝ። ከስሬያለሁ። ፍርድ ቤት ልቀርብ ነው። ዛሬ የመጣሁት ልመልሳት ነው፤ እስከ አስር ሰዓት ካልደረሰች እከሰሳለሁ። መመለሻም የላችሁም። በባቡር ነው የምትመለሱት። ይቅርታ አድርጉልኝ።” ከዚያ እንደ ሕፃኑ አለቀስኩ።

ገንፎው ይተናል። ታደለ እጁ እንደተዘረጋ ቀርቷል። መጀመሪያ የተናገሩት እትዬ ብዙነሽ ናቸው።

“አሁን ስንት ሰዓት ነው?”

“ዘጠኝ ተኩል ሊሆን ነው” አለ ዳንኤል።

“ታዲያ ምን ይጎለታል? ተነስ እንጂ አንተ!” አሉኝ። “እናንተስ ምን ትቀመጣላችሁ? እንዲህ ላለ ነገር ሰው ብቻውን ይላካል?”

እትዬና ታደለ ተከተሉኝ። ዳንኤልም ጀርመንኛ ሊያስተረጉም አራሷን ለእህቶቹ ትቶ ገባ። እትዬ ያልበላሁትን ገንፎ በሳህን ይዘው ነው የወጡት። ቀይ መብራት ባቆመን ቁጥር በማንኪያ እያጎረሱኝ፣ ምላሴ እየተቃጠለ፣ እንባዬ እየወረደ፣ ግቢው ሊዘጋ ሲል ደረስን።

ተረካቢው ግራጫ ቱታ የለበሰ፣ ባትሪ የያዘ፣ ፈገግ ማለት ያለ ክፍያ የማይፈቀድለት የሚመስል ሰው ነው። በሩን ከፍቶ አነፈነፈ። ዳንኤልን ጠየቀው።

“ምን ሸተተኝ ነው የሚልህ” አለኝ ዳንኤል።

“ቅቤ በለው” አሉ እትዬ ኮራ ብለው።

ሰውየው ጻፈ። ኪሎ ሜትሩን አየ፤ መነጽሩን አድርጎ ደገመ። “ታክሲ ይሠሩባት ነበር?” አለኝ። “አይ፣ ቤተ ክርስቲያን ነው” አልኩት። ያንንም ጻፈ፤ ምን ብሎ እንደጻፈው ጌታ ይወቅ። ኮፈኑ ላይ ያለውን ክብ የዘይት ምልክት በጣቱ አሸት አሸት አድርጎ ዳንኤልን ሲያይ፣ ዳንኤል ወደ ሰማይ አየ፤ አልተረጎመም። እኔ ፈረምኩ። ቁልፉን ሰጠሁት። እትዬ ብዙነሽ የመኪናዋን በር መታ መታ አደረጉና “በይ ደህና ሁኚ፣ ብዙ ደክመሽልናል” አሏት። ተረካቢው ሰው የሞተብን መሰለውና ባርኔጣውን አወለቀ።

ማስረከቡ ቀለለ፤ የከበደኝ ባቡሩ ነው። እህቶቹ ከነሊያ ጣቢያው ላይ ተቀላቀሉን፤ ማንም ስለ መኪናዋ አላነሳም። እትዬ ብዙነሽ ትኬቴን ሳይነግሩኝ ቆርጠውልኝ አንቀላፉ። ሊያ እናቷ ላይ ተኝታለች። ሙሽራዋ ስልኳን ታያለች፤ ስለ ሪባኑ እያሰበች እንደሆነ ልቤ ነገረኝ። ታደለ ፊቴ ለፊት ተቀምጦ በመስኮት ያያል። ጸሎቱን ካቋረጥኩት ጀምሮ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ቢሰድበኝ በወደድኩ! በቃ አበቃልኝ አልኩ፤ እሁድ አልሄድም፤ ሌላ ከተማ ሥራ እፈልጋለሁ። ሎዛን ስንደርስ ዞር ብሎ አየኝ።

“እሁድ ትመሰክራለህ” አለኝ።

“ምን ብዬ?”

“አራስ ቤት ያልከውን።” ተመልሶ ወደ መስኮቱ ዞረ።

ቅዳሜን እንዴት እንዳሳለፍኩ አላውቅም። ሦስት ጊዜ አሞኛል ብዬ መልእክት ጽፌ ሦስቴም አጠፋሁት። እሁድ ሄድኩ። ማይኩን ሰጡኝ። እንደ ልማዳቸው ፊታቸው ፈክቶ፣ ለእልልታ ተዘጋጅተው ያዩኛል።

“ጌታ መኪና ሰጠኝ ብያችሁ ነበር” አልኩ። “ዕዳ ነበር። መልሼዋለሁ። ከስሬያለሁ። እንድትንቁኝ ስላልፈለግሁ ነው የደበቅኋችሁ። የፖስታ ሳጥኔን ከከፈትኩ ብዙ ቀን ሆኖኛል፤ እፈራለሁ።”

አሜን ያለ የለም። ኪቦርድ ተጫዋቹ ጣቶቹን አንስቶ ጭኑ ላይ አደረገ። ልወርድ እግሬን ሳነሳ ከወንዶቹ በኩል ወንበር ተንቋቋ። ታደለ ነው፤ ቆሟል።

“እኔም ፖስታዬን አልከፍትም” አለ።

ከኋላ አንዲት እህት ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና “እኔም” አለች። ከዚያ ከግራ፣ ከዚያ ከመዘምራኑ መካከል። ፓስተሩ ከመቀመጫው ተነስቶ ወደ እኔ መጣና እጁን ለማይኩ ዘረጋ። ሊነጥቀኝ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ለካ እሱም ተራ መያዙ ነው።